የነፍስ ሚዛን በማን እጅ ነው?

በአዊ ምድር፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ፣ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ አለች። ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ እንጅባራ የደረሰ መንገደኛ እዚያ ለመግባት ብዙ አይቀረውም። አገሩ ዝናብ የጠገበ፣ ፈረስ የሚወደድበት፣ በቤት አዊኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ግእዝ የሚሰማበት ነው። አንከሻ ከሰባቱ የአገው ቤቶች አንዱ መሆኑን የአገሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔን ዛሬ የሳበኝ ግን የከተማይቱ ስም ነው። ግምጃ ማለት የከበረ ልብስ፣ ሐር ያለበት ጨርቅ ነው። ግምጃ ቤትም በጥንቱ ወግ የነገሥታቱ ልብስና ጌጥ የሚቀመጥበት ቤት ነበር፤ ጎንደር ላይ ያለችው ግምጃ ቤት ማርያምም ይህንኑ ስም ይዛለች። የዛሬ ከተሜ ደግሞ ግምጃ ቤትን የሚያውቀው በመሥሪያ ቤቱ ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ይደረጋል፤ የጎደለ ካለ ኃላፊው ይጠየቃል።

እንግዲህ ነፍስስ እንዲህ ያለ ግምጃ ቤት አላት ወይ? አንድ ክርስቲያን «በመንፈሳዊ ሕይወቴ አድጌአለሁ» ሲል ምን ገቢ አድርጎ ነው? ቆጠራውንስ ያደረገለት ማን ነው?

ጥያቄው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በከተማችን ይህ አነጋገር ተለምዷል። በሥራ ቦታ ቡና ላይ፣ በጽዋ ማኅበር፣ በሠርግ ቤት ሳይቀር ሰው ስለ መንፈሳዊ እድገቱ ሲያወራ ይሰማል። ኦርቶዶክሱ የጾመውን ጾም፣ የተሳለመውን ገዳም፣ የቆመበትን ማኅሌት ይዘረዝራል። ወንጌላዊው በበኩሉ ምስክርነቱን፣ ያደረበትን የጸሎት ሌሊት፣ መጽሐፍ ቅዱስን ስንት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንደዘለቀው ያነሣል። ቃናው ይለያይ እንጂ መዝገቡ አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ነው፤ ወጪ የሆነ ነገር ሲጠቀስ ብዙም አይሰማም።

ይህን የምለው መቁጠርን ለመናቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቁጥር ታውቃለች። አጽዋማቷ 7 ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የገሃድ ጾም አለ፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ሁሉም ሲደመር በዓመት ወደ 250 ቀን ይደርሳል ይባላል፤ ለምእመናን ሁሉ ግዴታ የሆነው 180 ያህሉ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለ ቁጥር አይቆምም። ሆድ ተንኮለኛ ነው፤ ቀን ካልተቆረጠለት «ከነገ ወዲያ» እያለ ዕድሜ ይጨርሳል። ገበሬም የዘራውን በቁና ያውቀዋል። ስለዚህ ቁጥርን እንደ ግብዝነት ምልክት አድርገው የሚያፌዙ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ላለመጾማቸው ምክንያት የሚፈልጉ ይመስሉኛል።

ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ያለውን የፈሪሳዊውንና የቀራጩን ታሪክ እናስታውስ። ፈሪሳዊው በመቅደስ ቆሞ ያቀረበው ሪፖርት ሐሰት አልነበረበትም። በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት ያወጣ ነበር። ዲዳኬ የተባለችው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መመሪያ፣ ምእመናን ሰኞና ሐሙስ ከሚጾሙት ሰዎች ተለይተው ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ አዘዘች። ቀኑ ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን በሳምንት 2 እንደሆነ ቀረ። በመሆኑም የፈሪሳዊውን ጸሎት የባዕድ ሰው ጸሎት ነው ብለን በቀላሉ ልናልፈው አይቻለንም። ጾሙ ጾማችን ነው። ታዲያ የተበላሸው የት ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ሚዛኑን በራሱ እጅ ሲይዝ ነው። በአንዱ ወገን ራሱን፣ በሌላው ወገን ከኋላው የቆመውን ቀራጭ አስቀመጠ፤ ክብደቱንም ራሱ አነበበ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የት አለ? ሻጩ፣ ገዢውና መዛኙ አንድ ሰው የሆነበት!

አባቶች ስለ መንፈሳዊ እድገት ሲያስተምሩ ይህን አደጋ ያወቁት ይመስላል። ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚተረጎሙበት። በዚሁ ትምህርት የቅዱሳን መዓርግ በ3 ይከፈላል፦ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። ተጓዡም እንደየደረጃው ወጣኒ፣ ማዕከላዊ፣ ፍጹም ይባላል። በእነዚህ ውስጥ 10 እርከኖች አሉ። የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ዝምታ፣ ጭምትነት። ሁለተኛው ልባዌ፣ ልብ ማለት፣ ማስተዋል ነው። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ፤ አፍ ሲደግመው የኖረው ጸሎት ለልብ የሚጣፍጥበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ንጽሐ ሥጋ ያበቃና አንብዕ ይመጣል፤ እንባ ነው። ቀጥሎ ኩነኔ፣ ሥጋ ለነፍስ የሚገዛበት። ስድስተኛው ፍቅር ነው። ከዚያ ሑሰት፣ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ ብርሃን እያለ ነጽሮተ ሥላሴ ላይ ይደርሳል። ከሰባተኛው ወዲያ ያሉትን ለባለቤቶቻቸው ልተዋቸው፤ በመኪና ጡሩምባ መካከል ለሚኖር ሰው ከስድስቱ በላይ መናገር ድፍረት ነው።

የዚህ መሰላል አቀማመጥ ግን ለከተማ ሰውም ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ የተቀመጠው ዝምታ ነው። ስለ እድገቱ የሚያወራ ሰው ገና አንደኛውን እርከን አልረገጠም ማለት ነው፤ ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ሥርዓቱ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ የዝማሬ ጣዕምና እንባ ከፍቅር በፊት ተቀምጠዋል። ይህ በጣም የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ሰው መዝሙር ሰምቶ ሊመሰጥ ይችላል፤ በቅዳሴ መካከል እንባው ሊወርድ ይችላል፤ ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ፍቅር ላይ ገና አልደረሰም። ዛሬ መዝሙሩ በካሴት፣ በሲዲ፣ በስልክ አልፎ ጆሯችን ውስጥ ገብቶ በሚያድርበት ዘመን፣ ሦስተኛውን እርከን አሥረኛ አድርጎ መያዝ እጅግ ቀላል ሆኗል። ያለቀሰ ሁሉ የደረሰ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከአሥሩ መካከል ምስክሩ ሙሉ በሙሉ ከባለቤቱ ውጭ የሚገኘው ፍቅር ብቻ ነው። ዝምታም ይታያል ይባል ይሆናል፤ ግን ዝምታ የብልጥም፣ የኩርፊያም፣ የፈሪም ሊሆን ይችላል። እንባም እንዲሁ ብዙ ምንጭ አለው። ፍቅርን ግን መምህራኑ ሲያብራሩት ዘመድ ባዕድ፣ ጻድቅ ኃጥእ፣ አማኝ መናፍቅ ሳይሉ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ መውደድ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለው ነገር መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ባዕዱ ነው፤ ኃጥእ የተባለው ነው፤ መናፍቅ የተባለው ነው። ወዳጁስ መወደዱን የሚያውቀው ተወዳጁ እንጂ ሌላ ማን ነው?

የጎጃም ቅኔ ቤት ይህን በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እየጮኸበት በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ ይማራል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ 2 ቤት ነው። ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለ ይወጣና 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ይህ መሰላል በግልጽ የሚቆጠር ነው። ነገር ግን በዚህ በሚቆጠረው መሰላል እንኳ ተማሪው ራሱን አይሾምም። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ያፈርሰዋል፣ አንዳንዴም በጓደኞቹ ፊት ያሳፍረዋል፤ ሲበቃው «እለፍ» የሚለው መምህሩ ነው። በቤት ልክ የሚለካ ነገር ሌላ ሰው ሚዛን ከያዘበት፣ ልክ የሌለው ነገር ለባለቤቱ ብቻ የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ማር ይስሐቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ከዛሬዋ ኳጣር አካባቢ የተወለደ፣ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ የተሾመ ነበር። በሹመቱ ላይ የቆየው 5 ወር ብቻ ነው። የተወበትን ምክንያት በሚመለከት የቆየ ትውፊት አለ። ሁለት ሰዎች በብድር ተካሰው ቀረቡ። አበዳሪው ገንዘቤን ዛሬውኑ ካልመለሰ ለዳኛ እሰጠዋለሁ አለ። ማር ይስሐቅ ወንጌሉ የተወሰደብህን እንኳ አትጠይቅ እያለ አንተ አንድ ቀን እንኳ ልትታገሠው ይገባሃል ቢለው፣ ሰውየው ለጊዜው ወንጌሉን ወደ ጎን ተወው አለ። ጳጳሱም ወንጌሉ ወደ ጎን ከተተወ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ ብሎ ወደ ተራራ ሄደ ይባላል። ከዚያ በኋላ በምንኩስና ኖረ፤ ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኑ እንደጠፋም ይነገራል። እኛ እድገት የምንለው ከዲቁና ወደ ቅስና፣ ከቅስና ወደ ጵጵስና መውጣትን ከሆነ፣ ይህ ሰው ወደ ታች ወረደ። የሚያስገርመው ደግሞ የእሱ ቤተ ክርስቲያን የምሥራቋ፣ ሌሎች ንስጥሮሳዊት የሚሏት ነበረች። ንስጥሮስን የምታወግዘው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን መጽሐፉን ተቀብላ፣ በግእዝ አንብባ፣ በአማርኛ ተርጉማ መነኮሳቷን ታስተምርበታለች። አማኝ መናፍቅ ሳይሉ መውደድ ለሚለው እርከን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኔ አላውቅም፤ ሳይታሰብ የተፈጸመ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያስደስተኛል።

ወደ አዊ ልመለስ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላሉ። መነሻው አውስትራልያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፤ ቀጥሎ በዛፉ ሥር ለከብት ሣር ያጭዳል፤ በ5 ዓመት ገደማ ዛፉ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። የአዲስ አበባ ምድጃ ይህን ከሰል ያውቀዋል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ዛፍ ቆርቆሮ ለውጧል፣ ልጅ አስተምሯል። በዚያው አገር የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ደግሞ አለ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ። የዲከረንስ ባለቤት የተከለውን ራሱ ቆርጦ ይሸጣል። የዐጸዱን ዝግባ የተከለ ሰው ግን፣ ወይም ወፍ ዘርታው ከሆነ ያልቆረጠው ሰው፣ ስሙም አይታወቅም። በ2012 ዓ.ም. ገደማ በዲከረንሱ ላይ የዛፍ ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ መጣ። አንድ ዓይነት ዛፍ ተያይዞ በበቀለበት ማሳ በሽታው ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሻገር አልተቸገረም። ስንት ልፋት የነበረበት ደን ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ቆሞ ደረቀ።

ይህን ያነሣሁት በገበሬው ላይ ለመፍረድ አይደለም። እርሱ ያደረገው ልጆች ያሉት ብልህ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ዝገቱም የኃጢአት ደመወዝ አይደለም፣ ፈንገስ ነው። እንዲያውም በስብከት ላይ የሰው መከራ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ሲቀርብ ያመኛል። ሆኖም በተራራው ስብከት ውስጥ ጌታ ስለ መዝገብ ሲናገር ብልንና ዝገትን አንድ ላይ ማንሣቱን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ግምጃ ቤት ከምትባል ከተማ ብዙም ሳይርቅ ይህ ሲደርስ ልብ ሳይል አያልፍም። ልብ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በነፍስ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ምግባር ብቻ ተክሎ ያን እያሳደገ የሚኖር ሰው አለ። ጾሙ ረዥም ነው፤ ሌላ ግን ምንም አልበቀለበትም። ለሰው አይራራም፣ ብድር አይምርም፣ ይቅርታ አይጠይቅም። አንድ ቀን በሕመም ወይም በእርጅና መጾም ሲያቅተው፣ ወይም ጾሙን የሚያደንቅለት ሰው ሲጠፋ፣ ማሳው በአንድ ክረምት ባዶ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን ሽማግሌ ከአንባቢዎቼ ያላየ ያለ አይመስለኝም፤ ምሬቱ ቤት ይሞላል።

በማርቆስ ወንጌል ደግሞ ስለ ዘሪው የተነገረ ሌላ አጭር ምሳሌ አለ። ገበሬው ዘሩን ይበትናል፤ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ ግን እንዴት እንደሚያድግ እርሱ ሳያውቅ ያድጋል። ይህ ምሳሌ ሲሰበክ የምሰማው አልፎ አልፎ ነው። የመንፈስ እድገትን በማስታወሻ ደብተር ለሚከታተል ሰው የማይመች ምሳሌ ስለሆነ ይሆናል። ሌሊት እየተነሣ የዘራውን ዘር ቆፍሮ «በቀልህ ወይ?» የሚል ገበሬ ቢኖር ጎረቤቶቹ ጠበል ይወስዱታል።

የእኛ ሰው ለዚህ ሁሉ ያበጀው መላ የንስሐ አባት ነው። የነፍስ አባት ድሮ እቤት ይመጣ ነበር። ጠበል ይረጫል፤ ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ይቀምሳል። ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማል፤ ባልና ሚስቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያያል፤ ጎረቤት ሲገባ የቤቱ ጌታ ፊቱ ይፈታ ይጠቁር እንደሆነ ይመለከታል። ኋላ ንስሐ ሲሰማ አፉ ከሚነግረው ሌላ ዓይኑ የነገረው ነበረው። እርግጥ ሁሉም እንዲህ ነበሩ አልልም፤ ለጠላው ብቻ የሚመጡም ነበሩ፣ ሀብታሙን የሚፈሩም ነበሩ። ቢሆንም ሥርዓቱ አንድ እውነት ይዟል፤ ሚዛኑን ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ቀኖናውንም የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም፣ ከእገሌ ጋር ታረቅና ተመለስ። በዛሬው ከተማ የነፍስ አባታችንን በስልክ እናገኘዋለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ በበዓል ቀን በሩጫ ይመጣል፤ አለዚያም ከናካቴው የለንም። የሚያየን ሰው ሲጠፋ ራሳችንን ማየት ጀመርን። እድገታችንን ራሳችን ማወጃችን ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በታሪካችን ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚያስነሣብኝ ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። በዜና መዋዕላቸው የጎጃም አገው ስም ደጋግሞ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ዘመቻ ስለተደረገበት ነው። ንጉሡ ከኢየሱሳውያኑ ጋር፣ በተለይ ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር፣ ስለ ሃይማኖት ብዙ ተነጋገሩ፤ ሊቃውንቱን በፊታቸው አከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አስታወቁ። በራሳቸው ሚዛን ይህ ታላቅ መንፈሳዊ እድገት ነበር፤ አልተጠራጠሩትም። ቀጥሎ ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡና ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ ተባለ፤ ሰንበቱና አጽዋማቱ ተነኩ። ንጉሡ ያደጉትን እድገት አገሩ ሁሉ በአዋጅ እንዲያድግ ተፈለገ። ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ከላስታው መልክአ ክርስቶስ ሠራዊት ጋር በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ የሞቱት 8000 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ ያን ሜዳ አሳዩአቸው፤ የወደቁት የገዛ ሕዝባቸው ክርስቲያኖች መሆናቸውን አመለከቱአቸው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱን ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ኢየሱሳውያኑ እንደጻፉት እርሳቸው ራሳቸው እስከ መጨረሻው ከያዙት እምነት አልወጡም።

ታዲያ ይህ ሰው በክርስትና ሕይወቱ ያደገው መቼ ነው? በ1622 ወይስ በ1632? የካቶሊክም ሆነ የኦርቶዶክስ ታሪክ ጸሐፊ የየራሱ መልስ ይኖረዋል። እኔ የሚከብድብኝ ያ የሜዳ ቀን ነው። ትክክል ነው ብለው ያመኑትን ሳይክዱ፣ ሌላውን ግን ከእጃቸው ለቀቁት። ድል አድርገው ሳለ ለቀቁ። ዙፋንና አዋጅ በአንድ ቀን ወጪ ሆነ። የዚያን ዕለት ሚዛኑን የያዙት እርሳቸው አልነበሩም፤ በሜዳው ላይ የተኙት ነበሩ። ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ይህን ሜዳ ቢያሳያቸው ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ ነበር ብሎ ማሰብ ግን የእኛ የዘመን ልጆች ፈንታ ነው፤ እኛም የራሳችን ሜዳ አለንና። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ጦርነት አዊንም አልማረም። በሁለቱም ወገን ጠመንጃ የያዙት አብዛኞቹ ያንኑ 55 ቀን የሚጾሙ፣ በአንድ ቀን የሚፈስኩ ናቸው። ለሁለቱም የሚጸልዩ እናቶች በአንድ ቅጥር ግቢ ይሰግዳሉ። በዚህ መካከል የጾሙን ዕለት ቆጥሮ አደግን ማለት የሚያስችል አንደበት ከየት ይገኛል?

በአዊ ሰዎች ዘንድ ግን ስለ ኩነኔ፣ ሥጋ ለነፍስ ስለሚገዛበት ስለዚያ አምስተኛው እርከን፣ ማንም መምህር ሳያብራራላቸው የሚያውቁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ያየ ሰው፣ ፈረስ የሚገራው ተገድሎ እንዳልሆነ ያውቃል። የተራበ ፈረስ አይሮጥም፤ ያልተገራም አይታዘዝም። ማኅበራቸው የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ፈረሱን የመውደዳቸው ነገር ግን ከዚያም ይቀድማል። ፈረሱ ስለ መገራቱ የሚመሰክረው ደግሞ በላዩ የተቀመጠው ነው።

ለእኛ ለከተሞቹ በላያችን ላይ ሳይሆን በሥራችን ያለ ምስክር አለን። ከጎጃምም፣ ከአዊም፣ ከወሎም፣ ከየአገሩ እየመጡ በየቤታችን የሚሠሩ ልጆች ማለቴ ነው። እመቤቲቱ ለኪዳን ስትነሣ ቀድማ ተነሥታ ውኃ የምታሞቀው ሠራተኛዋ ናት። እመቤቲቱ እስከ 9 ሰዓት ስትጾም፣ የማይጾሙትን ልጆች ምሳ የምታበስለው እርሷ ናት። የጾሙ ወጥ ጨው ሲበዛበት የሚወርደውን ቃል የምትሰማው እርሷ ናት፤ ያንን ቃል የነፍስ አባት ሰምቶት አያውቅም፣ የጽዋ ማኅበሩም አልሰማውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ስትል ምን እንደምትባል፣ ደመወዟ በወሩ ይከፈላት እንደሆነ፣ አገሯ ሰው ሲሞት ትሄድ እንደሆነ፣ የምትተኛው የት እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። በቤቱ ውስጥ ያለው ባዕድ እርሷ ናት። ዘመድ ባዕድ ሳይሉ መውደድ የሚለው ስድስተኛ እርከን ከማእድ ቤቱ በር ጀምሮ ነው የሚነበበው።

አንድ የነፍስ አባት እንደ ድሮው ጠበል ሊረጩ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ቤት ቢመጡ፣ ቤተሰቡን አሰልፈው መስቀል ካሳለሙ በኋላ፣ ከማእድ ቤቱ ደጃፍ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችውን ልጅ ጠርተው «ልጄ፣ አገርሽ ወዴት ነው? ለመሆኑ የቤቱ ሰዎች እንዴት ይዘውሻል?» ብለው ቢጠይቋት፣ ልጅቱም ከግምጃ ቤት ነኝ ብላ ዝም ብትል፣ እመቤቲቱ ያን ዝምታ ቆማ ትሰማለች።